አባቴ በእንግዳ ወንበር ላይ

በብልባላና በዙሪያዋ ድግስ የደገሰ ሰው ሁሉ አባቴን ያውቃቸዋል። ኑሯቸው እርሻ ነው። ሠርግ ወይም ተዝካር ሲሆን ግን ሞፈሩን ጥለው ይሄዳሉ፤ አሳላፊ ናቸውና። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው ዳሱ መካከል ይቆማሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ እንጀራው ከየት በኩል መታደል እንደሚጀምር፣ ወጥ ጨላፊው መቼ እንደሚገባ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ዳሱ ሞልቶ ሰው ትከሻ ለትከሻ ቢተሻሽ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። በዐይናቸው ነው የሚያዙት።

የአሳላፊ ደንብ እርሳቸው እንደሚሉት አንድ ነው፤ ያልበላ እንግዳ እያለ አሳላፊ አፉን አይከፍትም። አባቴ ይህን ደንብ በጣም ስለሚያጠብቁት ከድግስ ቤት ጠግበው የተመለሱበትን ቀን አላስታውስም። ሰው ተሸኝቶ ሴቶቹ ዕቃ ሲያጥቡ ከድስት ሥር የቀረውን በቆሙበት ይቀምሳሉ። ብዙ ጊዜ ያችኑም ዘግይቶ ለመጣ ሰው ይሰጧትና ባዶ ሆዳቸውን ቤት ይገባሉ። እናቴ ታዲያ ሽሮ ጥዳ ትጠብቃቸዋለች።

"አገሩን በዶሮ ወጥ አጥግበህ፣ አንተ ለሽሮ ወደ እኔ ትመጣለህ" ትላቸዋለች።

"ያንቺ ሽሮ ስለሚጥመኝ ነው" ይላሉ።

እኛ እንስቃለን። ታላቅ እኅቴ ግን አትስቅም ነበር። ልጅ ሳለች በዘመድ ሠርግ ላይ ሥጋ በእንጀራ ጠቅልላ በድብቅ ሰጠቻቸው። ተቀበሏት፣ ራሷን ዳሰሷት፣ ዞር ብለው ደግሞ በሩ ላይ ለቆመ መንገደኛ ሰጡት። ያን ቀን እያለቀሰች ነው ቤት የገባችው። የሆቴል መስተንግዶ ልማር ስትል ሁላችንም ያልገረመን ለዚህ ይመስለኛል። እንግዳ ማስተናገድን ከማን እንዳየችው ግልጽ ነው።

አሁን ላሊበላ ውስጥ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ በተሠራው ትልቅ ሆቴል ታስተናግዳለች። ሆቴሉ እሑድ እሑድ ለምሳ ዓለም አቀፍ ቡፌ ያዘጋጃል። ዓመት የሞላው ሠራተኛ ከቤተሰቡ ሁለት ሰው ለአንድ ቀን እንዲጋብዝ ይፈቀድለታል። የእርሷ ተራ የደረሰው ከትንሣኤ በኋላ፣ በዓለ ሃምሳው ሳያልቅ ነው። እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ለአጭር ዕረፍት ቤት መጥቼ ነበር። ደወለችልኝና እንዲህ አለችኝ፦

"ስሚኝ፣ አንድ ቀን እንኳ አባዬ ማንም ያልነካው ምግብ ፊት ቁጭ ብለው ሲበሉ ልያቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ይህ ግብዣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አደራ፣ እንዳያመልጠኝ።"

የጎረቤታችን ልጅ ወልዳ ስለነበር እናቴ አራስ ጥላ መሄድ አልፈለገችም። ስለዚህ ከአባቴ ጋር የምሄደው እኔ ሆንኩ።

"አብልተሽው ነይ" አለችኝ እናቴ። "ሳይበላ ከመጣ ሁለታችሁንም ቤት አላስገባም።"

እኔ አንድ ነገር ስታዘዝ በደንብ ካልተዘጋጀሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ሹካና ቢላዋ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ በስልኬ ተመለከትኩ። ለአባቴም ላሳያቸው ሞከርኩ።

"እኔ ዕድሜዬን ሰው ሳበላ የኖርኩ ሰው ነኝ" አሉ። "አሁን አንቺ መብላት ልታስተምሪኝ ነው?"

"ኧረ አባዬ፣ ሹካውን ብቻ ነው።"

"ሹካው ይቅርብኝ። አምስት ጣት አለኝ፤ እስከ ዛሬ አንዱም አላስቸገረኝም።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ላሊበላ ገባን። ከዚያ ባጃጅ ይዘን ወደ ሆቴሉ ወጣን። አባቴ የፋሲካ ነጠላቸውን ለብሰዋል፤ ኮታቸውን እናቴ በእርጥብ ጨርቅ አሽታላቸዋለች። የሆቴሉ በር ላይ ያለው ጥበቃ መታወቂያ ሊጠይቀን ወጣ። ቀና ብሎ አባቴን ሲያይ ግን ኮፍያውን አወለቀ።

"የወንድሜን ሠርግ ያሳለፉት እርስዎ አይደሉ?"

"የትኛው ወንድምህ?"

"የገነተ ማርያሙ።"

"ዝናብ የጣለ ዕለት!"

"አዎ! ዳሱ ያፈሰሰ ዕለት። እርስዎ ባይኖሩ ሰው ሳይበላ ይበተን ነበር እኮ። ዛሬ ደግሞ የማንን ድግስ ሊያሳልፉ መጡ?"

"ዛሬስ ልጄ ጠርታኝ ልበላ ነው" አሉ አባቴ። ይህን ሲሉ ትንሽ አፈር አሉ። እኔ ግን በዚያ ትልቅ በር ላይ የአባቴ ልጅ ሆኜ በመቆሜ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

አዳራሹ አንደኛው ግድግዳው ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው። ከታች ሸለቆው፣ እርከኑ፣ ከሩቅ ደግሞ የአሸተን ተራራ ይታያል። ምግቡ በረጅም ጠረጴዛዎች ላይ ተደርድሯል። የየአገሩ ምግብ ፊት ትንሽ ባንዲራ ቆሟል፤ የጣሊያን ፓስታ፣ የሕንድ ቅመም የበዛበት ሩዝ፣ የቻይና አትክልት፣ የዓረብ ሽምብራ። በመጨረሻ የእኛ አለ፤ ዶሮ ወጡ በሸክላ ድስት፣ እንጀራው ተጠቅልሎ በመሶብ። ጥግ ላይ ነጭ ቆብ ያደረገ ሰው የተጠበሰ የበግ እግር በረጅም ቢላዋ ይቆርጣል።

እኅቴ ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ መጣች። የአባቴን ጉልበት ልትስም ዝቅ ስትል ያዟት።

"ተይ፣ ሥራ ላይ ነሽ" አሏት በሹክሹክታ።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ጌታዬ" አለች ቀጥ ብላ፤ ለሌላው እንግዳ እንደምትለው። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ። በመስታወቱ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ወሰደችን።

"ይህ የካህናቱ ቦታ ነው" አሉ አባቴ ወንበሩን ሳይነኩ። "ዝቅ ያለውን ስጭን።"

"አባዬ፣ እዚህ የካህናት የሚባል ቦታ የለም። ይህን መርጬ ነው ያስያዝኩልዎ።"

"ሥጋው የማን ነው?"

"የክርስቲያን ነው። ጠዋት ራሴ ጠይቄያለሁ። አሁን ይነሡና የፈለጉትን ያንሡ። ቡፌው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል።" እኔን በዐይኗ አደራ ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አባቴ አልተነሡም። ሳህን ይዘው የተሰለፉትን ሰዎች ነበር የሚያዩት። ከአዲስ አበባ የመጡ ምዕመናን አሉ፣ ፈረንጆች አሉ፣ የከተማው ነጋዴዎችም አሉ። ቀስ በቀስ የአባቴ ፊት ተለወጠ።

"እነዚህ ሰዎች ምን በድለው ነው የተሰለፉት?"

"አልበደሉም አባዬ፣ ቡፌ ነው። ሁሉም የሚወደውን ራሱ ያነሣል።"

"የተጠራ ሰው ሳህን ይዞ ይሰለፋል? የእርዳታ ስንዴ ነው እንዴ?"

አባቴ በልጅነታቸው በክፉ ቀን የእርዳታ ሰልፍ ላይ ቆመው እንደነበር አውቃለሁ። ስለዚያ ቀን ብዙም አይናገሩም። ድግስ ላይ ግን አንድም ሰው እንዲቆም አይፈቅዱም፤ ሁሉም ተቀምጦ ምግቡ ወደ እርሱ ይመጣል።

"እኅትሽስ ምን ሆና ነው እጇን አጣጥፋ የቆመችው?"

"ዝግጁ ሆና ነው። ሰው ከፈለጋት ትሄዳለች።"

"እኔ እንዲህ አላሳደግኳትም" አሉ፤ ግን በቁጣ አልነበረም። የሆነ ነገር የጎደላት መስሏቸው አዘኑላት።

"እኔ ላምጣልዎ፤ ከዶሮው ላድርግ?"

"ቆይ፣ መጀመሪያ ሰው ይብላ።"

የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ከእኛ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀመጡ። ነጭ ለብሰዋል፣ ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ። አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ስልክ እያናገረ ወደ ውጭ ወጣ። ሴትዮዋ ሰልፉን አዩ፣ ከዘራቸውን አዩ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

አባቴ ተነሡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ወገባቸው ላይ አዙረው አደገደጉ። እኔ "አባዬ!" ከማለቴ ሴትዮዋ ፊት ጎንበስ ብለዋል።

"እሜቴ፣ ምን ልታዘዝ?"

"ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ትንሽ ዶሮ ብትሆን… ደግሞ ያቺ ቀይዋ ምንድን ናት?"

"እርሷን ጠይቄ እመጣለሁ።"

ሰልፉ ውስጥ ገብተው ሳይሆን ከጎን ሄደው፣ ነጭ ቆብ ያደረገውን ሰው ስለ ቀይዋ ጠየቁት። ቀይ ሥር ነበረች። ሳህኑን በሁለት እጅ ይዘው ተመለሱ። እንጀራውን በሥርዓት ዘርግተው፣ ዶሮውን መካከል አድርገው፣ እንቁላሉን ወደ ሴትዮዋ ቀኝ እጅ አዙረው አስቀመጡላቸው። ሴትዮዋ መረቋቸው።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልተቻለም። ሁለት ፈረንጆች የሆቴሉ ባህላዊ መስተንግዶ መስሏቸው ፎቶ አነሷቸው፤ ሳህናቸውንም ሰጧቸው። አንድ ነጋዴ ከሩቅ "አባባ፣ ውሃ ካለ!" ብሎ ተጣራ፤ ውሃ ወሰዱለት። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ "ደርሶዎታል? ደርሶሃል?" ይላሉ። ፊታቸው በርቷል። እኔ ባዶ ሳህን ፊት ብቻዬን ቀረሁ። ግማሹ ልቤ ኮራ፤ ግማሹ የእናቴን ማስጠንቀቂያ ያስባል።

አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብዬ ተነሣሁና ከሁሉም ዓይነት ጥቂት ጥቂት ያለው ሳህን አዘጋጀሁ። ለአባቴ ሰጠኋቸው።

"ይባረክ" አሉ። ተቀብለው ቀጥታ ከውጭ ወደተመለሰው የአሮጊቷ ልጅ ሄዱና ፊቱ አስቀመጡለት። "አንተ አልበላህም፤ ስልክ ስታናግር ነበር።"

በዚያው ጊዜ የአዳራሹ ኃላፊ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰው፣ ወደ እኅቴ ሲጠጋ አየሁ። እኔም ተጠጋሁ።

"እኚያ አደግድገው የሚያስተናግዱት ማን ናቸው?"

እኅቴ ድምፅዋን አላሳነሰችም፤ አጠገቡ ያሉት እንግዶች ሁሉ ሰምተዋታል። "አባቴ ናቸው" አለች። "በእኛ አገር የታወቁ አሳላፊ ናቸው።"

ሰውየው ትንሽ አያቸው። "መልካም" አለ። "ግን የዛሬው እንግዳ እርሳቸው አይደሉ? ሰዓቱ እየደረሰ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለች።

አጠገባቸው ሄደች። "አባዬ፣ ይቀመጡ እንጂ።"

"መጣሁ፣ እነዚያ ይብሉና።" በበሩ ሌሎች አራት ሰዎች ገብተዋል። አስተናገዷቸው። እነርሱ መብላት ሲጀምሩ ሌሎች ገቡ። የዚያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ዳስ ውስጥ የተጠራው ሰው ይታወቃል፤ መጨረሻ አለው። እዚህ ግን ሰው አያልቅም። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። አባቴ ደንባቸውን ከያዙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመው ይቀራሉ እንጂ የሚቀመጡበት ጊዜ የለም። ነጭ ቆብ ያደረገው ሰው የበጉን እግር ሊጨርሰው ነው። ዶሮ ወጡም ወደ ሥሩ እየወረደ ነው።

እኅቴ አጠገቤ ቆመች። ዐይኗ እንባ አቅርሯል፤ ነገር ግን ሥራ ላይ ስለሆነች ፊቷን አላኮማተረችም።

"እንደ ሁልጊዜው የድስት ሥር ሊበሉ ነው" አለች።

"ብንለምናቸውም እምቢ ካሉስ፣ እታለም?" አልኳት።

ለጥቂት ጊዜ አባቴን አየቻቸው፤ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው ለአንድ ሕፃን ውሃ ሲቀዱ። ከዚያ ሸሚዟን አስተካከለች።

"እኔ ሳስቀምጣቸው ታያለሽ" አለችና ሄደች። እንደ ልጅ አልተጠጋቻቸውም። ፊት ለፊታቸው ቀጥ ብላ ቆመች።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የዚህ ዳስ አሳላፊ ማን ነው?"

አባቴ እንስራ ይመስል የያዙትን ማንቆርቆሪያ ወደ ደረታቸው አስጠጉ። "ያ ሱፍ የለበሰው ነዋ።"

"እርሱ የቤቱ ኃላፊ ነው። ከዚህ መስታወት እስከዚያ ምሰሶ ድረስ ያለው ሰው በማን እጅ ነው?"

"በማን ነው?"

"በእኔ። እርስዎ ባለፈው ዓመት ሠርግ ላይ፣ ከሌላ ደብር የመጣ ሰው እንጀራ ማደል ሲጀምር ምን አሉት?"

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አባቴ ሰውየውን እጁን ይዘው አስቀምጠውት ነበር፤ 'በሰው ዳስ እጅህን አታስገባ፣ አሳላፊው ሥራውን የማያውቅ ያስመስለዋል' ብለው።

"ለካ እኔ…" ብለው ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። ግን ወዲያው አልተሸነፉም። እንደ አባት ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነበር የሚያዩዋት።

"ያ ጥግ ያለው ሰውዬ ፊቱ ሾርባ ብቻ ነው ያለው። ለምን?"

"ሆዱን አሞታል። እኔ ነኝ ሾርባ ይሻልሃል ብዬ ያመጣሁለት።"

"ያቺ ሕፃን ያቀፈችው?"

"ለልጇ ቅመም የሌለው ሩዝ ወጥ ቤት እየሠሩላት ነው። አሁን ይወጣል።"

"እነዚያ ሁለቱ ወጣቶች ሦስተኛ ጊዜ እያነሡ ነው።"

"ያንሡ። ከእግር መንገድ ነው የመጡት፤ ከአሸተን ወርደው ነው።"

"እጅሽን አጣጥፈሽ ቆመሽ ነበር እኮ።"

"እርስዎም ዳሱ መካከል ይቆማሉ። በዐይንዎ እንጂ በእጅዎ መች ያዛሉ?"

አባቴ ሳቁ። ድምፅ አውጥተው ሳቁ። ከዚያ ወገባቸው ላይ ያደገደጉትን ነጠላ ፈቱት፤ በትከሻቸው ላይ እንደ እንግዳ ጣል አደረጉት። ወደ ጠረጴዛችን መጥተው ተቀመጡ። ከጎናችን የተቀመጡት አሮጊት "ደግ አደረጉ! እኔስ ሳፍር ነበር፣ ሽማግሌ አስነሥቼ" አሉ።

"ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ እሜቴ" አሉ አባቴ። "እንግዲህ እርሷ ካለች ምን እላለሁ?"

እኅቴ የእጅ መታጠቢያ ወዳለበት አላስነሣቻቸውም። ማስታጠቢያና ፎጣ ይዛ መጣች፤ በክንዷ ላይ ፎጣውን ጣል አድርጋ ውሃ አፈሰሰችላቸው። ነጭ ቆብ ያደረገው ሰው ከበጉ የመጨረሻውን ወፍራም ቁራጭ አስቀምጦላት ነበር። ወጥ ቤት ገብታም አዲስ የወጣ ዶሮ ወጥ፣ ማንም ጭልፋ ያላስገባበትን፣ በትንሽ ሸክላ ድስት አመጣች። ከፊታቸው አስቀምጣ በሁለት እጇ ክዳኑን አነሣችው። እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ወጣ።

አባቴ አማተቡ። ባረኩ። ቀኝ እጃቸውን ወደ እንጀራው ዘረጉ።

ልክ በዚያን ጊዜ የአዳራሹ በር ተከፈተና ብዙ ሰዎች ገቡ። አንድ ሙሉ አውቶቡስ ይመስለኛል፤ ፀሐይ ያጠቆራቸው፣ አቧራ የለበሱ፣ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች የበዙባቸው ምዕመናን ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው የት እንደሚሄዱ አላወቁም። የአባቴ እጅ እንጀራው ላይ ሳይደርስ ቆመ። ትከሻቸው ከወንበሩ ላይ ትንሽ ተነሣ። እኅቴ አልተንቀሳቀሰችም፤ እርሳቸውን ብቻ ታያለች።

አባቴ ሰዎቹን አዩ። ከዚያ እርሷን አዩ፤ ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ።

"ሂጂ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሏት። "ያንቺ እንግዶች ናቸው። በዕድሜ ከገፉት ጀምሪ።"

"እሺ፣ አባዬ" አለች። ሄደች፤ በፈገግታ አሮጊቶቹን መጀመሪያ ስታስቀምጥ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር።

አባቴ ግን ከዚያ በኋላ አላዩዋትም። ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ አዞሩ፤ በሩን ከጀርባቸው አደረጉት። ትልቅ ጉርሻ አጥቅሰው አነሡና ምግብ የሚያቀርቡለት እንግዳ እንደሌለባቸው ሁሉ፣ ቀስ ብለው፣ እያጣጣሙ መብላት ጀመሩ።